ኩላሊት ያመላለሰው

ከደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፰፻፵፱ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማቴዎስ

ከመዝገቡ፣ ከአጎትህ ልጅ የተላከች ይህች ደብዳቤ በኢየሩሳሌም ካለው ከወንድሜ ከገብረ ሥላሴ እጅ በደህና ትግባ። እንዴት ከርመሃል? የጌታችን የመቃብሩ ጥላ በጋውንም ክረምቱንም ይከልልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ አክስቴ ውዴ ደህና ናት፤ በየሳምንቱ ሐሙሲት ገበያ ትወርድና ከባሕር በኩል መጣሁ ያለውን ሰው ሁሉ ስላንተ ትጠይቀዋለች። እስካሁን ያገኘችው ጨው ነጋዴ ብቻ ነው።

የኔታ እሸቴም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ግን ፈጽሞ ጠፋ። እኔ ንባቡን አሰማቸዋለሁ፣ እሳቸው ትርጓሜውን ይሰጣሉ። ሲደክማቸው «መዝገቡ፣ ቀጥል» ይሉኛል፤ እቀጥላለሁ። ተማሪው አርባ ሁለት ደርሷል። ይህን የምነግርህ ለመመካት አይደለም። ወንበራቸውን ለማን እንደሚተዉት ሰው በጠየቃቸው ቁጥር «ገብረ ሥላሴ እስኪመጣ መዝገቡ ይጠብቀዋል» ስለሚሉ ነው። ከሄድህ አራት ዓመትህ ነው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባል የለ። ቅር ግን አላለኝም።

አሁን የምጽፍልህ ስለ አንድ ቃል ነው። ደሳለኝ የሚባል የእስቴ ሰው ተማሪያችን ነው፤ ጢሙ ከእኔ ጢም ይረዝማል፣ ነገር መቆስቆስ ይወዳል። የኔታ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረዱ ጊዜ ጉባኤውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። በመጨረሻው ጸሎት ላይ እንደ ልማዳችን «ልብ ያሰበውን ኩላሊት ያመላለሰውን የምታውቅ አምላክ» ስል ደሳለኝ ብድግ አለና «መምህር፣ ልብ ማሰቡን ሰምተናል። ኩላሊት የሚያመላልሰው ምንድን ነው?» አለኝ። «ስውር ሐሳብ ነው» አልሁት። «ከማን የተሰወረ?» አለኝ። «ከሰው» አልሁት። «የልብ ሐሳብስ ከሰው የተሰወረ አይደለም ወይ? ታዲያ ሁለት ስም ምን አስፈለገው?» አለኝ። አርባ ሁለት ሰው ያየኛል። «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አሰናበትሁ፤ በነጋውም አልተመለስሁበትም።

የኔታን እንዳልጠይቅ «ይህንንም አታውቅ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እዚያ የግብጽም የአርመንም የሶርያም ሊቃውንት አሉ ይባላልና ጠይቀህ ጻፍልኝ። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለተማሪው ብለህ።

ወንድምህ መዝገቡ


ከኢየሩሳሌም፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፰፻፵፱፣ ዘመነ ማቴዎስ

ሰላም ለአንተ ለወንድሜ ለመዝገቡ፣ ሰላም ለቤትህና ለከብትህ፣ ሰላም እጅ ለምነሣቸው ለየኔታ እሸቴ። ደብዳቤህ በሆሳዕና ማግስት ደረሰኝ። እዚህ ያሉ ወንድሞች ጽሕፈትህን ሲያዩ ተቀባበሉት፤ ያነበቡት ሳይሆን ያዩት ይበዛሉ። እኔም የአጎቴ ልጅ ነው እያልሁ ኮራሁ።

ስለ ቃሉ ጠየቅሁ። ግብጻዊው መነኩሴ እኔ የማልሰማውን ዓረብኛ አወረደው። አርመኑ ሳቀብኝ። ኋላ ያስተማረኝ የፋሲካ በግ ነው። ተሳላሚዎች ያረዱትን በግ የገፈፍሁ እኔ ነበርሁ፤ ታውቃለህ፣ ሰው ሳያውቅበት ቢላዋ ሲይዝ ማየት አልወድም፣ እኔው እይዛለሁ። ደረቱ ሲከፈት ልቡ ወዲያው ይታያል። ኩላሊቱ ግን ከኋላ በሞራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሞራውን ካልገፈፍህ አታገኘውም። ያን ጊዜ የደሳለኝ ጥያቄ ገባኝ። ልብ ያሰበውን ሰው አይወቀው እንጂ ባለቤቱ ያውቀዋል። ኩላሊት ያመላለሰውን ግን ባለቤቱም አያውቀውም። ሰው አፉ እየበላ፣ ልቡ ስለ እርሻው እያሰበ፣ ከውስጥ አንድ ነገር ይመላለሳል። ቆይቶ ምላሱ ይናገረዋል ወይም እጁ ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ «ምን ነካኝ» ይላል። ንስሐ ስንገባ «በማወቅም ባለማወቅም» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል።

ለደሳለኝ ስትነግረው የእኔን ስም አታንሣ፣ የራስህ አድርገው። ለየኔታ ደግሞ ከርሞ ባይሆን ለዚያኛው ዓመት እመጣለሁ በልልኝ። እናቴን አጽናናት።

ገብረ ሥላሴ


ከደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፰፻፶፣ ዘመነ ማርቆስ

ለኢየሩሳሌሙ ሊቅ ለገብረ ሥላሴ፣ በአገሩ ከቀረው ከመዝገቡ። ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ያደነቃችሁት ጽሕፈት ለዚህ ሰላምታ ከበቃ ይኸው።

«የራስህ አድርገው» ያልኸኝን አየሁት። ምጽዋት አልጠየቅሁህም። ስለዚህ በጉባኤው መካከል «ገብረ ሥላሴ እንዲህ ይላል» ብዬ አነበብሁት። ከየኔታ ከጠፋው ዓይናቸው እንባ ወረደ። «ይህን ልጅ ሳላገኘው አትግደለኝ» አሉ። እኔ በየቀኑ ስድስት ዓመት አንብቤላቸው እንባቸውን አይቼ አላውቅም።

ደሳለኝ ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ያዘው። አሁን ቃሉ የተማሪ መጫወቻ ሆኗል። አንዱ እንቅፋት ሲመታው «ኩላሊትህ የት ሄዶ ነበር» ይሉታል። የጓደኛውን ቆሎ የበላው «እኔ አይደለሁም፣ ኩላሊቴ ነው» ይላል።

እኔ ግን ትርጓሜህን አልተቀበልሁትም። ሰው የማያውቀውን አያስብም። የማያውቀውን የሚያስብ ከሆነ ዳኛ ማንን ይቀጣል? የንስሐ አባትስ ምኑን ይሰማል? እኔ የሆዴን አውቃለሁ። ለምሳሌ እዚህ ሰዎች «መዝገቡ በገብረ ሥላሴ ይቀናል» ይላሉ። ልቤን ፈትሼ ቅናት አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ድካም ነው። አርባ ሁለቱ ሃምሳ ሆነዋል፤ የማነብ እኔ፣ የማስጠና እኔ፣ የታመመውን የምጠይቅ እኔ፣ ስሙ ያንተ።

ስለ መምጣትህ እንደ ወንድም ልምከርህ፤ አትቸኩል። ከምጽዋ ወዲህ መንገዱ ሽፍታ ነው። በእስቴ በኩል የከብት በሽታ ገብቷል፣ ገብስም ተወዷል። ደግሞም እዚያ የጀመርኸው ትምህርት እንዳይቋረጥብህ። ስለ እናትህ አታስብ፣ ናፍቆቱን ለምዳዋለች።

መዝገቡ


ከኢየሩሳሌም፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፰፻፶፣ ዘመነ ማርቆስ

ወንድሜ መዝገቡ፣ የወንድምነት አምላክ ያስብህ፣ የደከምህበትን ይቁጠርልህ።

ምክርህን ሰማሁ። እናቴ ናፍቆቱን ለምዳዋለች ያልኸውንም አነበብሁ። በዚያው ሰሞን አንድ የአንበሳሜ ተሳላሚ መጥቶ «እናትህን ሐሙሲት አገኘኋት፤ ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ ብላት ሁለት እጄን ይዛ አለቀሰች» አለኝ። ሁለታችሁም ያያችሁትን ተናግራችሁ ይሆናል። እኔ ግን ቆረጥሁ። የሚመጣው ፋሲካ እንዳለፈ እነሣለሁ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የጸሎት መጽሐፌ መርከብ ላይ ረጥቦ ፊደሉ ሁሉ ፈሰሰ። የአባቴ የሰባቱ ዕለት ጸሎት መጽሐፍ እናቴ ዘንድ አለ፤ እሱን መነሻ፣ እናንተ ጸሐፊዎች እናት መጽሐፍ የምትሉትን፣ አድርገህ ቅዳልኝ። ካንተ እጅ የተሻለ እጅ እስከዚህ ድረስ መጥቼ አላየሁም። እንደ ወጉ በየዕለቱ ጸሎት መጨረሻ ስሜን በቀይ ጻፍልኝ። ጥሩ ቀይ ቀለም በዚህ ተሳላሚ ልኬልሃለሁ። ለመንገዴ ጠባቂ እንዲሆነኝ ነው።

ገብረ ሥላሴ


ከደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፰፻፶፩፣ ዘመነ ሉቃስ

ለወንድሜ ለገብረ ሥላሴ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ የምትረግጠው መሬት ይለስልስልህ።

መጽሐፍህ ይኸው። ብራናው የፍየል ነው፤ ጠባሳ የሌለበትን ስፈልግ አምስት ገበያ ተመላለስሁ። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካሁም። በየዕለቱ መጨረሻ «ዕቀቦ ለገብርከ ገብረ ሥላሴ»፣ አገልጋይህን ጠብቀው እያልሁ በላክኸው ቀይ ጻፍሁልህ። ሰባት ጊዜ ስምህን ስጽፍ ሰባት ጊዜ ጸለይሁልህ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ወንድም ምን ያድርግ።

እናትህ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ልብህ ያሰበውን፣ ኩላሊትህ ያመላለሰውን ይፈጽምልህ» ብላ መረቀችኝ። የኔታም በእጃቸው ዳሰሱት፣ ብራናውን አሸተቱት። «እጅህ የተባረከ ነው። እግዚአብሔር አንተን ለጽሕፈት፣ ገብረ ሥላሴን ለወንበር ፈጠራችሁ» አሉኝ። ተማሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ና እንግዲህ። የወንበሩን አቧራ ጠርጌ እጠብቅሃለሁ።

መዝገቡ


ከኢየሩሳሌም፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፰፻፶፩፣ ዘመነ ሉቃስ

ቀድሞ ገብረ ሥላሴ ይባል ከነበረው ከአባ ፍሥሐ ጽዮን፣ ለወንድሜ ለመዝገቡ። በዚህ ስም የምጽፍልህ የመጀመሪያው ሰላምታ ነውና እግዚአብሔር ያጽናልን።

በጥር ጽኑ ትኩሳት ያዘኝ። ከተረፍሁ እመነኩሳለሁ ብዬ ተሳልሁ፤ ተረፍሁ፣ በየካቲት መነኮስሁ። ወጉን ታውቃለህ፤ መነኩሴ ለዓለም ሞቷልና በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። በጨርቅ ተሸፍኜ መሬት ላይ ተኝቼ የራሴን ፍትሐት ሰማሁ። ገብረ ሥላሴ ሞተ ተባለ፤ ስሜም ተለወጠ።

መጽሐፍህ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ወንድሞች እየተቀባበሉ አነበቡት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ «ጠብቀው» ይላል። ዓርብ ላይ ሲደርስ አንባቢው ቆመ። «አዕርፍ ነፍሶ ለገብርከ ገብረ ሥላሴ» ይላል፤ ነፍሱን አሳርፍ፣ ለሙት የሚጻፈው። ቅዳሜና እሑድ ተመልሶ «ጠብቀው» ይላል። ወንድሞች ተደነቁ። «ይህ ጸሐፊ ባለ ራእይ ነው። ገብረ ሥላሴ እንደሚሞት በአገሩ ሆኖ አወቀ። የተሳሳተው በስድስቱ ቀን ነው እንጂ የዓርቡስ ልክ ነው» አሉ። እኔ ግን ራእዩን አላመንሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በክረምት፣ እኔ የታመምሁት በጥር።

አልተቆጣሁም ብል ዋሸሁ። ሦስት ቀን መጽሐፉን መንካት አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ራሴ ተመለስሁ። ስእለቴ እውነት ነው። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ ስሜ ከእኔ በልጦ አድጓል፤ የኔታ የሚጠብቁትን ሊቅ ከየት አምጥቼ ልምጣ? ትኩሳቱ መሸሻ እንደሆነኝ የገባኝ ፍትሐቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ባንተም ቀንቼ አውቃለሁ። የየኔታን ድምፅ በየቀኑ ትሰማለህ፤ እናቴም የምትመርቀው አንተን ነው።

እኔ ወደ አገሬ አልመለስም። ወንበሩን ለቅቄልሃለሁና ለየኔታ ንገራቸው። ለእናቴም ቀስ ብለህ ንገራት። የዓርቡን ግን አንተ ንገረኝ፤ አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?

አባ ፍሥሐ ጽዮን


ከደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፰፻፶፪፣ ዘመነ ዮሐንስ

ለአባ ፍሥሐ ጽዮን ይድረስ። መነኩሴ ነዎትና «አንቱ» ብዬ ልጽፍ ጀመርሁ፤ ሁለት ብራና አበላሸሁ። ለዛሬ እንደ ድሮው ልጻፍልህ፣ በጸሎትህም ይቅር በለኝ።

የጠየቅኸኝን አስቀድሜ ልመልስ። ሳላውቅ ነው። ደብዳቤህን እንዳነበብሁ ወደ አክስቴ ሮጬ ሄድሁና የአባትህን መጽሐፍ ገለጥሁ፤ ስሕተቱ ከእናት መጽሐፉ የመጣ እንዲሆን እየለመንሁ ነበር። የዓርቡ «ጠብቀው» ይላል። ከዚያ ያን ቀን አስታወስሁት። ሐምሌ ነበር። ጠዋት በጉባኤ አንድ ንባብ ብስት የኔታ በሃምሳ ሰው ፊት «ተወው፣ ገብረ ሥላሴ ሲመጣ ያቃናዋል» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ቀለም በጠበጥሁ። የማስበው ስለ ዝናቡ ነበር፤ ጣራው እንዳያፈስብኝ፣ ብራናው እንዳይረጥብብኝ። በቀይ ጻፍሁት፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ መልሼ አነበብሁት፣ ደህና ነው ብዬ ገለጥሁ። ሃያ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ስሕተት አልፎኝ አያውቅም። ዓይኔም ከእጄ ጋር ተማክሮ ነበር።

ልቤን ፈትሼ ቅናት አጣሁበት ያልሁህ እኔ፣ እቀናብሃለሁ። ልጆች ሳለን በድምፅህ ቀናሁ። ስትሄድ በመሄድህ ቀናሁ፤ ሄደህም ባለመረሳትህ ቀናሁ። አሁን ወንበሩን ስትለቅልኝ ደግሞ በመልቀቅህ ቀናሁ። ሞትህን ስመኝልህ እንኳ አንተ ቀድመህ በክብር ሞትኸው፤ ለእኔ የተረፈኝ ባለ ራእይ መባል ነው።

እናትህ መርዶ እንደሰማች ሁሉ ሦስት ቀን መሬት ተቀመጠች። በአራተኛው ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። አሁን ሐሙሲት ስትወርድ «የመነኩሴ እናት ነኝ» ትላለች። እኔን መመረቅ አልተወችም። ያ የኩላሊቱ ምርቃቷ እንደደረሰልኝ አታውቅም፣ አልነገርኋትም።

ደብዳቤህን ለየኔታ ሳነብ የዓርቡን ነገር ዘለልሁት። ይህን አውቄ ነው። መመንኮስህን ሰሙ። ወንበሩ የመዝገቡ ነው አላሉም። የደብሩ ሽማግሎች ቃላቸውን ቢጠብቁም የኔታ ቃል አልሰጡም። በነሐሴ መጨረሻ ታመሙ፤ ወንዛዬ አውርደናቸው በቃሬዛ ተሸክመን መለስናቸው። መስከረም ፳፫ ቀን ጠዋት ሽማግሎቹም ተማሪውም ተሰብስበን ሳለ እኔ አጠገባቸው ሆኜ አነብላቸው ነበር። ትኩሳቱ አእምሯቸውን ወስዶታል። ድንገት «ገብረ ሥላሴ፣ መጣህ ወይ?» አሉ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ማንም «አልመጣም» የሚላቸው አልተገኘም። «መጣህ ወይ ልጄ?» ብለው ደገሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«አዎ የኔታ፣ መጣሁ» አልሁ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑት። «ወንበሬን ሰጥቼሃለሁ፤ ጉባኤህ አይፈታ፣ ቃልህ አይታጠፍ» ብለው መረቁኝ፤ ካንተ ስም በቀር ሌላ ስም አልጠሩም። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። ከቀትር በፊት አረፉ። ሽማግሎቹ የመከሩት ከቀብሩ በኋላ ነው። «ምርቃት ያረፈው በእጁ ሥር በነበረው ራስ ላይ ነው፤ አይመለስም» ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። መጀመሪያ ጉልበቴን የሳመ ደሳለኝ ነው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን ወደ መጽሐፉ መለስሁ።

በአዲሱ ስምህ ሌላ መጽሐፍ ጀምሬልሃለሁ። ሲያልቅ ከመላኬ በፊት ለደሳለኝ አስነብበዋለሁ፤ በራሴ ዓይን ማመኑን ትቻለሁ።

እንግዲህ ተቀምጫለሁ። ለምን «መጣሁ» እንዳልሁ እዚህ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንተ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ቀድሜ ልንገርህ። ልቤ «ሽማግሌው እየጠበቁ እንዳይሞቱ አዝነህላቸው ነው» ይለኛል። እኔም አምኜዋለሁ። ኩላሊቴን ግን አልጠየቅሁትም።

መዝገቡ